በወንድሜ ደረት ላይ የፈሰሰው ስኳር

ወንድሜን ያቃጠልሁት በስኳር ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ስኳርና ቃጠሎ አንድ ላይ አይመጡለትም። ስኳር ከሎሚ ጭማቂና ከጥቂት ውሃ ጋር ማር እስኪመስል ሲፈላ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ግን አይስቅም። እኔ ሥራዬ ስለሆነ አውቃለሁ። አውቄም ነው የደፋሁበት።

ፀጉር ቤቴ ፍኖተ ሰላም ናት፤ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት ክፍል። ከፊት ሹሩባ እሠራለሁ፣ ካስክ አስገባለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ጠባብ አልጋና የከሰል ምድጃ አለ። እዚያ ደግሞ የሴቶችን የእግርና የብብት ፀጉር በስኳር እነቅላለሁ። ሙያውን የለመድሁት ባሕር ዳር፣ ከባሌ ከተለየሁ በኋላ ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው።

ወንድሜ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እኔ ገና የወተት ጥርሴን አልነቀልሁም ነበር፤ ከቡሬ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬደው መንደራችን ያሳደገኝ እሱ ነው። ሳናግረው አንቱ እለዋለሁ። ስጽፈው ግን እሱ ልበለው፤ አለዚያ ነገሩ የሌላ ሰው ይመስለኛል።

በአሥራ ስድስት ዓመቴ ዳሩኝ። ባሌ በበሬ ጅራፍ ይገርፈኝ ነበር። አንድ የመኸር ሰሞን ጀርባዬ ተተልትሎ ቀሚሴ ከቁስሉ ጋር ተጣበቀ፤ ጎረቤቴ አይታ ለወንድሜ ላከችበት። በማግሥቱ ጧት ደረሰ። ባሌን አውድማ ላይ አገኘው። በሽመሉ መንጋጋውን ሰበረው፤ ከወደቀ በኋላም ጉልበቱን። እኔ ከጭድ ክምሩ ጎን ቆሜ አይ ነበር። አጥንቱ ሲሰበር የሰማሁትን ድምፅ ወድጄዋለሁ። ይህን ለንስሐ አባቴ ነግሬ ሰግጃለሁ፤ መውደዴ ግን አልቀረም። ወንድሜ በዚያ ጣጣ ስድስት ወር ታስሮ ወጣ። አንድም ቀን "ላንች ብየ ነው የታሰርሁት" ብሎኝ አያውቅም።

ሙሽሪት ደንበኛዬ ነበረች፤ የፍኖተ ሰላም ልጅ፣ ሳቂታ። እጮኛዋ ቡሬ ላይ ሞባይል ይጠግናል። ኅዳር ላይ አንድ ቀን እጁን ይዛ እየጎተተች አመጣችው።

"ለሱም ሥሪለት" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ደረቱን። በምላጭ ሲላጨው ምን እንደሚሆን እይው።"

ሸሚዙን ራሷ ከፈተችው። እሱ አፍሮ ኮርኒሱን ያያል። ደረቱ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጥቷል፤ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ፀጉሩ ወደ ቆዳው ውስጥ ተመልሶ አድጎ መግል ቋጥሯል።

"ቀድሞ ባሕር ዳር ነበር የማሠራው" አለ ቀስ ብሎ። "አሁን መንገዱን ታውቂዋለሽ።"

መንገዱን አውቀዋለሁ። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ተከፍቶ ሳምንት ይዘጋል።

"የወንድ አልሠራም" አልሁ።

"እኔ እዚህ ተቀምጨ አይደል እንዴ?" አለች ሙሽሪት። "ምን ትሆኛለሽ?"

መግሉ እስኪደርቅ ጊዜ ሰጥቼ ታኅሣሥ ላይ ተቀበልሁት። ፀጉሩን በመቀስ የሩዝ ፍሬ እስኪያህል አሳጠርሁ። ላቡን ጠርጌ ፓውደር ነሰነስሁበት። ስኳሩን አንጓዬ ላይ ሞከርሁት፤ ለብ ማለቱን ሳረጋግጥ ፀጉሩ በሚተኛበት በኩል ቀባሁ፣ ጨርቁን ለጠፍሁ፣ በግራ እጄ ቆዳውን ወጥሬ በቀኜ ወደ ተቃራኒው ሳብሁት።

ጮኸ። ጨርቁ ላይ ፀጉሩ ከነሥሩ ቆሞ መጣ፤ ቆዳው ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ የደም ነጠብጣቦች ብቅ ብቅ አሉ።

ወንድ ልጅ ከእጄ በታች ተጋድሞ ሲጮህ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ አለኝ ማለት ያሳፍረኛል፤ ነገር ግን ሁለተኛውን ጨርቅ ከሚገባው በላይ በኃይል ሳብሁት። ሦስተኛው ላይ ፊቱን አየሁ። ባሌን አይመስልም። ጥርሱን ነክሶ እንባው በጆሮው በኩል ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ እንደ ባለሙያ ሠራሁለት፤ ቆዳውን ወጥሬ፣ ጨርቁን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን እየሳብሁ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ መዳፌን ጫን እያደረግሁ።

ስጨርስ በቀዝቃዛ ውሃ የነከርሁትን ፎጣ ደረቱ ላይ አነጠፍሁ። ከአጥሩ ሥር እሬት ቆርጬ ውስጡ ያለውን ቀዝቃዛ ፈሳሽ ቀባሁት። ሁለት ቀን ሙቅ ውሃ እንዳይነካው፣ ሽቶ እንዳይረጭ፣ ናይለን ሸሚዝ እንዳይለብስ፣ ኳስ ተጫውቶ እንዳያልበው፣ ፀሐይ እንዳይመታው ነገርኋቸው። ከሦስት ከአራት ቀን በኋላ ሻከር ባለ ጨርቅ በቀስታ ይሸው፤ አዲሱ ፀጉር መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ እንዳያድግ። ቢያሳክከውም በጥፍሩ አይንካው። ሙሽሪት በጣቷ እየቆጠረች ደገመችልኝ።

ሲወጣ በር ላይ ቆሞ ሸሚዙን ቆለፈ። ቅዳሜ ነበር፤ የገበያ ቀን። ከመንደራችን ሰዎች አንዱ አየው።

ይህ ሰው ያየውን በቀጥታ ቢናገር ኖሮ ምናልባት ነገሩ በጥያቄ ያልፍ ነበር። በኛ አገር ግን ነገር በቀጥታ አይነገርም። ወንድሜ ጠላ ቤት ተቀምጦ ሳለ ሰውየው ጣሳውን እያየ፣ "እህትህ ከተማ ገብታ ወንድ መግፈፍ ጀምራለች አሉ፤ ልብሱን ይሁን ቆዳውን እንጃ" አለው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሜ ጠላውን አስቀምጦ ወጣ። እነዚያ ሳቆች ከአንድ ወር በላይ ውስጡ ሲብላሉ ከረሙ። እኔ ምንም አላውቅም።

ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሙሽራው ለሁለተኛ ጊዜ መጣ። ሙሽሪት ከፊት ካስክ ውስጥ ገብታለች፤ ማሽኑ ሲጮህ ምንም አይሰማትም። ሙሽራው ከመጋረጃው ጀርባ በጀርባው ተኝቷል። የቀኝ ደረቱን ጨርሻለሁ፤ በግራው ላይ ጨርቁን ለጥፌ ልስብ ነው። በድስቱ የነበረው ስኳር ስላለቀብኝ አዲስ ስኳር ምድጃው ላይ ጥጄ ነበር፤ እየተንተከተከ ቀለሙ እየጠቆረ ነው።

መጋረጃው ከነሽቦው ተነቅሎ ወደቀ።

ወንድሜን ከበሩ በኩል በሚገባው ብርሃን ፊት አየሁት። ጋቢውን ወገቡ ላይ ታጥቋል። የሸሚዙ ቁልፎች እስከ ሆዱ ተከፍተዋል። ያን ሁሉ መንገድ ሲሮጥ የመጣ ይመስል ነበር። ወደ እኔ አላየም።

"ወንድም ጋሼ..." ከማለቴ ሽመሉ ወረደ። የመጀመሪያው ምት የሙሽራውን የትከሻ አጥንት አገኘው፤ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሙሽራው ለመነሣት ሲሞክር ሁለተኛው ራሱ ላይ አረፈ፤ ግንባሩ ተከፍቶ ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ከአልጋው ተንከባሎ መሬት ላይ ወደቀ፤ ጨርቁ አሁንም ደረቱ ላይ ተለጥፏል።

ሽመሉን በእጄ ያዝሁ። ወንድሜ መንትፎ አስለቀቀኝና በመልሱ አንጓዬን መታኝ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

"ተዉ! ተዉ በማርያም! ደንበኛ ነው!"

አልሰማኝም። ፊቱ ያን ዕለት አውድማው ላይ የነበረው ፊት ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ሥራ የያዘ ሰው ፊት። መሬት ላይ ያለው ሰው አይንቀሳቀስም። ወንድሜ እግሮቹን አራርቆ ቆመና ዱላውን በሁለት እጁ ወደ ላይ አነሣው። ሦስተኛው ከወረደ ልጁ እንደሚሞት እንዳወቅሁ ሁሉ፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ምን ያህል እንደሚፈላም አውቅ ነበር። ድስቱን በደህናው እጄ አንሥቼ ደረቱ ላይ ደፋሁት።

መጀመሪያ አልጮኸም። ዱላው ከእጁ ወደቀ። በመዳፉ ሊጠርገው ሞከረ፤ ስኳሩ ግን እንደ ውሃ አይፈስም፣ ይይዛል፤ መዳፉም አብሮ ተያዘ። ከዚያ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ከበሬም አልሰማሁም።

ሸሚዙን ከላዩ ሊገነጥል ሲል እጁን ያዝሁት።

"አትላጠው! ቆዳህ አብሮ ይመጣል! ተቀመጥ!"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልሁት። ተቀመጠ። ጀሪካን ሙሉ ውሃ ነበረኝ፤ በላዩ ላይ ቀስ እያልሁ አፈሰስሁ። ስኳር በውሃ ይሟሟል፤ በችኮላ ካልነቀሉት ራሱ ይለቃል። ልብስ ሰፊው ቅቤ በእጁ ይዞ ሲሮጥ ገባ፤ "አይነካም!" ብዬ መለስሁት፤ ሌላ ውሃ እንዲያመጣ ላክሁት። ሙሽሪት እጮኛዋን ታቅፋ በነጠላዋ ግንባሩን አፍና ይዛ ትጮኻለች። የተጠሩት ባጃጆች ሲመጡ ወደ እኔ ዞረችና በጥፊ መታችኝ።

"ሰው አስመጣሽበት!" አለችኝ። "ልታስገድይብኝ ነው ያስተኛሽው!"

ማሽኑ ሲጮህባት ከኋላዋ የሆነውን አላየችም። ያየችው የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ ወንድሜን አቅፌ ውሃ ሳፈስበት።

ሁለቱንም አንድ ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ሌላ የለም። የሙሽራው ቤተሰብ ከቡሬ ደረሰ፤ ወንድሞቹ ጠመንጃ ይዘው ከግቢው ውጭ ተቀመጡ። ልጁ ዐይኑን አልገለጠም። ወደ ባሕር ዳር እንዳይልኩት መንገዱ ዝግ ነው። ከሞተ ደም ነው፤ ደም ከሆነ ደግሞ በወንድሜ አይቆምም፣ ለልጆቹም ይተርፋል። አንጓዬ በጄሶ ታስሮ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው ኮሪደር ቆሜ ቆየሁ። በአንዱ በኩል ወንድሜ ይቃትታል፤ በሌላው በኩል ዝም ነው። ዝምታው ይብሳል።

በማግሥቱ ጧት ልጁ ነቃ። ነርሷ ኋላ እንደነገረችኝ መጀመሪያ ያለው "ደረቴ ላይ የተለጠፈው ምንድን ነው?" ነበር። ጨርቁ ደርቆ እንደ ጣውላ ሆኖበት ነበር። ሙሽሪት ለብ ባለ ውሃ እያራሰች ግማሽ ቀን ፈጅታ አላቀቀችለት። ከዚያ እኔ ያልኋትን ሁሉ አንድ በአንድ አደረገች፤ ቀዝቃዛውን ፎጣ፣ እሬቱን። እኔን ግን ወንድሞቹ በበሩ አላሳለፉኝም።

ፖሊስ ቃላችንን ተቀበለ። ወንድሜ በዋስ ወጣ፤ የቀረውን ሽማግሌ ያዘው። ወደ መንደሩ እንዳይመለስ የቡሬ መንገድ ለሱ መንገድ አልነበረም፤ የት ዛፍ ሥር ማን እንደሚጠብቀው አይታወቅም። ስለዚህ ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ያን ልጅ በመታበት አልጋ ላይ አስተኛሁት። ደሙን ከግድግዳው አጥቤ ነበር፤ ኖራው ላይ ግን ጥላው ቀርቷል። ወንድሜ ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ይተኛል።

ከአንገቱ ሥር እስከ ጡቱ ድረስ ቆዳው ተገፏል። በየሁለት ቀኑ ፋሻውን እፈታለሁ። በጨው ውሃ አርሼ ቀስ ብዬ አነሣለሁ፣ ነርሷ የሰጠችኝን ቅባት በቀጭኑ እቀባለሁ፣ ንጹሕ ጎዝ አለብሳለሁ። ሲያመው አልጋውን ይነክሳል እንጂ ድምፅ አያወጣም። ብዙ ቀን ያለ ወሬ እንዲሁ ሠራን።

አንድ ቀን ፋሻውን እየፈታሁ ሳለ፣ "አውቀሽ ነው?" አለኝ።

"አውቄ ነው።"

"ይህን ያህል እንደሚያቃጥል ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ጎዙን በጨው ውሃ አርሼ አነሣሁ።

"እኔም ዱላው ምን እንደሚሠራ አውቅ ነበር" አለ። "ልገድለው ነበር። ቢሞት ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ጊዜ።"

እኔም ስለ አውድማው ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውሁት።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ "በይ እስቲ ምን እንደምትሠሪ አሳይኝ" አለ። ስኳር አፈላሁ፤ ሽታው ሲመጣ ፊቱ ተለወጠ፣ ግን ተይው አላለኝም። በጣም አቀዘቀዝሁት። ክንዱ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ቀባሁና ሳብሁ። በፀጉሩ መካከል የወጣውን ነጭ መንገድ በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

"ይሄው ነው?"

"ይሄው ነው።"

"ከፍለው?"

"ከፍለው።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላወቅሁም። ቁስሉ ስለተላቀቀ ፋሻው ላይ ደም ወጣ፤ እንደገና አሰርሁለት።

ሽማግሌዎቹ ቀኑን በጾሙ አጋማሽ ቆረጡ። ወንድሜ ድንጋይ ተሸክሞ ቡሬ በሙሽራው አባት ደጅ ይውደቅ ተባለ። ቁስሉ ገና አልጠነከረም፤ "ሌላ ሰው ይሸከምለት" ብዬ ለመንሁ። እሱ እምቢ አለ።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሙሽራው ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ከሙሽሪት ጋር ተቀምጧል፤ ግንባሩ ላይ ስፌቱ ይታያል። ወንድሜ ድንጋዩን በማጅራቱ ተሸክሞ ጎንበስ እንዳለ ደጃፉ ላይ ቆመ። የልጁ አባት ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ሽማግሌዎቹ ይለምናሉ፣ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ቆየ። የወንድሜ ሸሚዝ ከፊት በኩል መርጠብ ጀመረ፤ መጀመሪያ ውሃ መሰለኝ፣ ከዚያ ቀላ።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ ሰውየው።

"ቁስል ነው፣ አባቴ።"

"ማን አቆሰለህ?"

"እህቴ።"

"ለምን?"

"ልጅዎን ከእጄ ልታስጥል። ልጨርሰው ስል የፈላ ነገር ደፋችብኝ። እሷ ባትኖር ዛሬ ልጅ የለዎትም፤ እኔም ድንጋይ ይዤ ሳይሆን ጠመንጃ ይዤ ነበር የምታገኙኝ።"

ሙሽሪት ወደ እኔ ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን ቀን ከመታችኝ ወዲህ ስታየኝ ያ መጀመሪያዋ ነው። ሰውየው ተነሥተው መጡ። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አንሥተው ጣሉት፤ ከዚያም ወንድሜን በሙሉ ኃይላቸው በጥፊ መቱት። ከንፈሩ ደማ። "አሁን ጨረስን" አሉ። ወንድሜ ጫማቸውን ሳመ።

ሰርጉ ከትንሣኤ በኋላ ሆነ። ሙሽራው ክንዱ እስከ ዛሬ ከትከሻው በላይ አይነሣለትም። ደረቱን በምላጭም በስኳርም አይነካም፤ እንዲያው ትቶታል። ሙሽሪት ለሹሩባ ትመጣለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ግን ብዙ ወር አልገባችም። አንድ ቀን ራሷ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጣች። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ አልጠበቅሁም።

ወንዶች አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣሉ። እሠራላቸዋለሁ። ምድጃውን ግን ወደ ጓሮ አውጥቼዋለሁ። ሰው ፈርቼ አይደለም። ድስቱን ያነሣሁበት እጅ ምንም እንዳልተንቀጠቀጠ ስለማውቅ ነው።

ወንድሜ ክረምቱ ሲገባ ወደ መንደሩ ተመለሰ። ጠባሳው በሙቀት ያሳክከዋል፣ ሲጎነበስ ይወጥረዋል። ጧትና ማታ ቫዝሊን እንዲቀባ፣ በጣቱ እያሸ እንዲያለዝበው፣ ፀሐይ እንዳያሳየው፣ የጥጥ ሸሚዝ እንዲለብስ ነግሬዋለሁ። እንደ ጸሎት አክብሮ ያደርገዋል።

ባለፈው ኅዳር ጤፍ ሊያጭዱ ደቦ ሲወጡ ሄጄ ነበር። ወንዶቹ ሁሉ ሸሚዛቸውን ጥለዋል፤ እሱ ብቻ እስከ አንገቱ ቆልፎ ላቡ ይንጠፈጠፋል። አንድ ሽማግሌ ማጭዳቸውን አቁመው፣ "ምነው ልጄ፣ ምን ነካህ፣ ታመሃል እንዴ?" አሉት።

"ስኳር ነው፣ አባ" አላቸው።

ሽማግሌው አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ። የአጎታቸው ልጅም ስኳር በሽታ እንደነበረበት፣ እግሩም እንደተቆረጠ ነግረው፣ ጠላና ማር ጨርሶ እንዳይነካ፣ ገብስ ብቻ እንዲበላ አጥብቀው መከሩት። ወንድሜ ማጭዱን ይዞ ቆሞ እስኪጨርሱ በትሕትና አዳመጣቸው።

"እሽ አባ" አለ፤ ወደ እኔ ግን አላየም።